የጡረተኛው ሞተሪኖ

የጭነት መኪናው ሞተር የልጅቷ ጣት ከማስነሻው ቁልፍ ላይ ሳይነሳ ነቃ። እንደ ወትሮው አስሎ፣ አጉረምርሞ፣ «ተዉኝ ትንሽ ልተኛ» እንደሚል ሰው ተለማምጦ አልነበረም፤ ከኋላው በካልቾ እንደተመታ ተስፈንጥሮ ነበር የተነሳው። ጋቢናው ተንቀጠቀጠ። ከማርሚታው የወጣው ጥቁር ጭስ በግቢው የቆርቆሮ አጥር ላይ ተንከባሎ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ልጅቷ በመስኮቱ ብቅ ብላ ሳቀች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ጡረተኛ አይደለም! ገና ዛሬ የተቀጠረ ነው የሚመስለው!»

አባቷ ከፊት መከላከያው አጠገብ ቆሞ አንድ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ነበር። ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከጥርሱ አላለፈም። ሞተሩ ሲነሳ አንዲት አጭር፣ ስለታም ድምፅ ሰምቷል። ብረት ብረትን ሲነክስ የሚሰማ ድምፅ ነው። እሷም ሰምታው እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየ። እሷ የጎን መስታወቷን እያስተካከለች ነበር።

በከተማዋ ጋራዦች ሁሉ ስሙ «አባ ጆሮ» ነው። መኪና ገና ከመንገዱ ሲታጠፍ፣ ዓይኑ ሳያየው በሽታውን ይናገራል ይባልለታል። «አንተ ሐኪም መሆን ሲገባህ መካኒክ ሆነህ ቀረህ» ይሉታል የሙያ ጓደኞቹ፤ «ሐኪም ብሆን በሽተኛው ይዋሸኛል፤ ሞተር አይዋሽም» ብሎ ይመልስላቸዋል። ጉልምስናው ያለፈው በጦሩ የጥገና ክፍል ነው። ዛሬ «ጡረተኛው» የሚሉትን ባለ ረጃጅም ጎማ የጭነት መኪናም ያወቀው እዚያው ነው። ሁለቱም ከሠራዊቱ ከተሰናበቱ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጦሩ አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሊሸጥ ሜዳ ላይ ደርድሯቸው ሳለ፣ አባ ጆሮ በተርታው መሀል ሲያልፍ አንዱን በበሩ ጠባሳ አወቀው። ጠባሳውን ያሳረፈበት እሱ ራሱ ነበር፤ አንድ ክረምት ከድልድይ ጠርዝ ጋር አላትሞት። ገዝቶ ቤት ሲያመጣው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችውና «ሰው ከወታደር ቤት ጓደኛ ይዞ ይመጣል፤ አንተ ብረት ይዘህ መጣህ» አለችው።

ልጃቸው ያደገችው ከዚሁ ብረት ሥር ነው። የእኩዮቿ አባቶች ተረት ሲነግሩ፣ እሱ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዓይኗን ጨፍና ሞተር እንድታዳምጥ ያደርግ ነበር። «ምን ይላል?» ይላታል። «አንዱ ያነክሳል፣ አባባ» ትለዋለች። «ስንተኛው ሲሊንደር?» ትቆጥርና ትነግረዋለች። አድጋ የመጋዘን ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች፤ ግን መስኮቱ ሥር የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ስታዳምጥ ትውል ነበር መሰል፣ ሥራውን ጥላ የጡረተኛውን መሪ ያዘች። እናቷ መጀመሪያ አኮረፈች፤ በኋላ ደግሞ ተቀበለችው። አባትና ልጅ ራት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያለ አንድ ቃል በልተው ሲነሱ እያየች፣ «ለሁለታችሁም ጆሮ እንጂ አፍ አልተሰጣችሁም» ትላቸው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው የድሮው ሞተሪኖ ሲቃጠል ነው። ሞተሪኖ ማለት ትልቁን ሞተር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ትንሽ ሞተር ነው፤ እሱ ከሞተ መኪናው ግዑዝ ነው። ጡረተኛው ደግሞ እንደ ጦር መኪኖች ሁሉ በሃያ አራት ቮልት ነው የሚነሳው፤ ሁለት ባትሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይገፉታል። የሚስማማው ሞተሪኖ ከሩቅ አገር መምጣት ነበረበት። በዚያው ሰሞን፣ ከወንዙ ማዶ የውኃ ቧንቧ የሚዘረጋው ድርጅት ክረምቱን ሙሉ ወንዝ እየተሻገረ ቧንቧ የሚያመላልስለት መኪና ፈለገ። ከፍ ያለ ጎማ ያለው የጡረተኛውን ያህል በአካባቢው አልነበረም። የሙከራ ቀን ተቆረጠ።

«ትክክለኛው እስኪመጣ ቀኑን ያዛውሩልን፤ እኔ ሄጄ እለምናቸዋለሁ» ብላ ነበር ልጅቷ።

አባ ጆሮ መለመንን አልወደደም። ደግሞም ለሌላ ይሰጡታል ብሎ ፈራ። ልጁ ይህን ሥራ ስታስብ ፊቷ ላይ የሚበራውን ብርሃን አይቷል፤ እሱን ብርሃን ከማጥፋት ብሎ ወደ አሮጌ ዕቃ ተራ ወረደ። እዚያ፣ ከዝገት ክምር ሥር፣ ልክ የጡረተኛውን የሚያክል ሞተሪኖ አገኘ። ቁመቱ ያው፣ ጥርሱ ያው፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ሳይቀር ያው። ከከተማ የጭነት መኪና የወጣ ነበር፤ የአስራ ሁለት ቮልት።

«ሁሉ ነገሩ ልክ ነው፤ ቮልቱ ብቻ ነው» አለው ሻጩ። ከዚያ የተናገረው ለራሱም አስቆት፣ «ሙሽራው ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነው፤ መተንፈሱ ብቻ ነው የሚቀረው እንደሚባለው» ብሎ ጨመረበት።

አባ ጆሮ አልሳቀም። ቤት ወስዶ፣ ልጁ በሌለችበት፣ በመጀመሪያ በአንድ ባትሪ ብቻ ሞከረው። ከባዱ ሞተር በብርዱ አቃስቶ ቀረ። ከሁለቱም ጋር ሲያያይዘው ግን ጡረተኛው ጮኾ ተነሳ፤ የሁለት ሰው ቀለብ በልቶ ለአንድ ሰው ሥራ እንደተሰማራ ጎረምሳ። የሁለት ሰው ቀለብ የሚበላ ሆድ መጨረሻው ምን እንደሆነ አባ ጆሮ ያውቃል። ለቅጽበት ከነኩት ያስነሳል፤ አጥብቀው ከያዙት ግን ውስጡ ይቀልጣል። ያም ሆኖ በጦሩ ጊዜ፣ ዕቃ በጠፋበት ክረምት፣ ይህንኑ አድርጎ መኪናው ወቅቱን ሙሉ ሠርቶለት ነበር። እውነት ነው፣ ሠርቶ ነበር። ያኔ ግን መሪው ላይ የተቀመጠው እሱ ራሱ ነበር፤ ጣቱ ምን እንደሚነካ ያውቅ ነበር።

በሞተሪኖው ጎን ላይ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች። አረንጓዴ ቀለም አምጥቶ ቀባት። አንዴ ቀብቶ ሲያያት ቁጥሩ አሳልፎ ይታያል፤ ደገማት።

ማታ ልጁ መጥታ ኮፈኑን ከፍታ ስታይ «መጣ እንዴ?» አለችው።

«ተገኘ» አላት።

ከ«መጣ» እስከ «ተገኘ» ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለሚያምን ሰው ልዩነቱ አይታየውም። እሷም አልታያትም። «ቁልፉን ነካ አድርጊና ልቀቂ፤ አትያዥው» አላት። «ለምን?» ስትለው «አዲስ ነዋ፤ ይላመድ» አለ። ትክክለኛው ሲመጣ፣ አንድ ቀን ሳታውቅ ይቀይረዋል። እንዲያ ነበር ያሰበው።

የቧንቧው ማከማቻ ከወንዙ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። በሙከራው ቀን የድርጅቱ ተቆጣጣሪ እዚያ ሲጠብቃቸው አገኙት። ረጅም፣ እንቅልፍ የጎደለው የሚመስል፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ቧንቧዎቹ ተጭነው ሲያልቁ ዙሪያውን ዞሮ እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጁ ሳበ፤ ልጅቷ ከእሱ በፊት ሁሉንም ፈትሻ ስለነበር አንድም የላላ አላገኘም። «ጥሩ ነው» አለና ጋቢና ውስጥ ገባ። አባ ጆሮ መሀል ተቀመጠ፤ ጉልበቶቹ ከማርሹ ዘንግ ግራና ቀኝ፣ ትከሻው ከልጁ ትከሻ ጋር ተጣብቆ።

«አባቴ» አለ ተቆጣጣሪው መኪናው መንገድ ሲጀምር፣ «የእርስዎን ሙያማ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን የምናየው እሷን ነው። ነገ ካምፕ ውስጥ ስትሠራ እርስዎ አጠገቧ አይኖሩም። ስለዚህ ዛሬም እንደሌሉ ይቁጠሩት። ይስማማል?»

«ይስማማል» አለ አባ ጆሮ። ሲናገር ከልቡ ነበር።

ልጅቷ ስትነዳ አየ፤ በደንብ ካያት ቆይቷል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሳትረግጥ በማርሽ ያዘችው። ጉድጓድ ሲመጣ መኪናው ከመድረሱ በፊት ትከሻዋ ያውቀዋል። ፍሪሲዮኑን የምትለቅበት መንገድ የእሱ ነበር፤ ግን ከእሱ ይልቅ የለሰለሰ፣ ጊዜ እንደተረፈው ሰው ያልቸኮለ። ኩራት ደረቱን ሞላው። ከኩራቱ ሥር ግን አንድ ትንሽ ነገር፣ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር፣ በየእርምጃው ትወጋው ነበር።

ወንዙ ሞልቷል። ሌሊቱን ላይኛው አገር ዘንቦ ነበርና ውኃው ደፍርሶ፣ ቅጠልና ጭራሮ እያንከባለለ ይወርዳል። ልጅቷ መኪናውን ዳር አቁማ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ በረጅም እንጨት መሬቱን እየወጋች እስከ መሀል ገባችና ተመለሰች።

«ከላይ በኩል ድንጋዩ ጠንካራ ነው። በዚያ እይዘዋለሁ» አለች።

«ጠብቂ ካልሽ እንጠብቃለን» አላት ተቆጣጣሪው፤ ሊፈትናት ይሁን ከልቡ አይታወቅም።

ወደ አባቷ ዞር አለች። አባ ጆሮ እንደሌለ ሰው ፊት ለፊት ያያል። «አያስፈልግም፤ ይሻገራል» አለች።

በአንደኛ ማርሽ ገቡ። ውኃው ጎማውን አልፎ መከላከያውን ላሰ። ጡረተኛው አልተደናገጠም፤ ይህን ወንዝ የመሰለ ስንቱን ተሻግሯል። ከመሀል አልፈው፣ ማዶ የቆሙት ሠራተኞች ፊታቸው መለየት ሲጀምር፣ የኋላው ቀኝ ጎማ አንድ ያልታየ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። መኪናው ወደ ጎን አዘነበለ። ቧንቧዎቹ በአንድነት ጮኹ፤ ማሰሪያዎቹ ያዟቸው። ልጅቷ ነዳጅ ሰጥታ ልታወጣው ስትል ሞተሩ ደረቅ ሳል አሳለ፣ ደገመ፣ ጠፋ።

የቀረው የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር።

አባ ጆሮ የሆነውን ወዲያው አወቀ። ያ ሳል የጥማት ሳል ነው። መኪናው ሲያዘነብል ናፍጣው ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ቱቦው አየር ስቧል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሞተሩ ጎን ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለች። ኮፈኑ ላይ ወጥቶ እሷን ጥቂት ጊዜ መምታት፣ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያ ቁልፉን አንዴ ነካ ማድረግ። አንዴ ብቻ።

ልጅቷ ቁልፉን ተጫነች። ሞተሪኖው በኃይል አሽከረከረው፤ ሞተሩ ግን አልያዘም። አልለቀቀችውም። «አትያዥው» ያላት በዚያች ሰዓት ከአእምሮዋ ወጥቷል፤ ድሮ ያስተማራት ደግሞ እሱ ነው፦ ናፍጣ ነው፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ፣ ያዥው፣ አሳርፊው፣ እንደገና ያዥው። ሞተሪኖው የመኪናው የራሱ ቢሆን ኖሮ ያደረገችው ሁሉ ልክ ነበር።

አባ ጆሮ አፉን ከፈተ።

ተቆጣጣሪው ጣቱን አነሳ። «እንደሌሉ» አለ በፈገግታ።

በኋላ አባ ጆሮ ስለዚያች ቅጽበት ደጋግሞ ያስባል። እሱን የሚቆጨው ሰውየው ዝም ማሰኘቱ አይደለም። ዝም ሲያሰኘው እፎይ ማለቱ ነው። «አትያዥው!» ቢል «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ጥያቄው ደግሞ ከሁለት ወገን ነው የሚመጣው፣ ከግራም ከቀኝም። ሰውየው በሩን ዘጋለት፤ እሱም ከበሩ ጀርባ ተደበቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ይችለዋል አለ በልቡ። በጦሩ ጊዜ ችሎ ነበር።

ልጅቷ ለቀቀች፤ አሳረፈችው። ወደ አባቷ ዞረች። በቃል አልጠየቀችም፤ ዓይኗ ግን ድሮ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ሞተር ስታዳምጥ የነበረው ዓይን ነበር። ምን ይላል? እሱ ውኃውን አየ።

እንደገና ተጫነች። በዚህኛው ድምፁ ተለወጠ፤ ቀጠነ፣ ጮኸ። ከእግራቸው ሥር የተቃጠለ ቀለም ሽታ መጣ። ጣቷን አነሳች። ድምፁ አልቆመም፤ ውስጡ ቀልጦ ተጣብቋል።

«ለቅቄዋለሁ!» አለች። እጇን ወደ ላይ አንስታ አሳየችው። «አባባ፣ ለቅቄዋለሁ፣ አይቆምም!»

ጭስ ከወለሉ ስንጥቅ ወጣ። አባ ጆሮ አሁን ጮኸ፦ «ባትሪውን! ባትሪውን ንቀይ!» ግን ልጅቷ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ በሩን ከፍታ ውኃው ውስጥ ነበረች። ሊከተላት ሲነሳ ጉልበቱ ከማርሹ ዘንግ ጋር ተያዘ፤ ሲጎትተው ሱሪው ተቀደደ። በኋላው መስታወት አያት። ውኃው ጭኗ ደርሷል። የባትሪ ሳጥኑን ክዳን ወርውራ፣ የባትሪውን ገመድ ማሰሪያ በባዶ እጇ ይዛ እያጠማዘዘች ነው። ለመፍቻ ጊዜ አልነበረም። ገመዱ ከላስቲኩ ሥር ቀልቶ ይታያል። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ አጭር ጩኸት ነበር፣ እንደ ተሳሳተ ሰው። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ከማዶ ዶዘር መጥቶ በሰንሰለት ጎትቶ አወጣቸው። ሠራተኞቹ በዳርቻው ተሰብስበው ነበርና ጡረተኛው ውኃውን እያንጠባጠበ ሲወጣ አንዱ «የጦር መኪናው እጁን ሰጠ!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። ልጅቷ ስትወርድ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ ሳቁ ተቋረጠ። መዳፏ ላይ የማሰሪያው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞ ነበር። የካምፑ ነርስ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ቁስሉን ቀባችላት፤ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችላት። «ዛሬውኑ ክሊኒክ መታየት አለበት» አለች።

ተቆጣጣሪው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ አጠገባቸው ቆመ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«ምንድነው የሆነው?» አለ።

አባ ጆሮ ዙሪያውን አየ። ሠራተኞቹ ከበው ቆመዋል። ሁሉም ስሙን ያውቃሉ፤ ግማሾቹ መኪናቸውን አሠርተውበታል። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ምራቁን ለመዋጥ ያህል ብቻ ነው የዘገየው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ልጁ። «አየር ስቦ ነበር። ፓምፑን መምታት ነበረብኝ። መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ነው፤ ደንግጬ ረሳሁት። ሞተሪኖውን አብዝቼ ያዝኩት።»

ተቆጣጣሪው ራሱን ነቀነቀ። «አነዳድሽ ጥሩ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሩ ነው። ግን ክረምቱን ሙሉ በዚህ ወንዝ ላይ ነው የምትውይው። ደንግጦ የሚረሳ ሰው እዚያ መሀል ላይ...» አልጨረሰውም። «እጅሽ ሲድን፣ ሌላ ጊዜ ነይ። ለዛሬ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ። ቧንቧው ይጠበቃል።»

«እሺ» አለች።

አባ ጆሮ ዝም አለ። አሁን በወንዙ መሀል እንደነበረው የተዘጋ በር አልነበረም፤ የሚያስቆመው ጣትም አልነበረም። በገዛ ራሱ ዝም አለ።

ሰዎቹ ቧንቧውን አራግፈው ሲበተኑ አባትና ልጅ ከመኪናው ጥላ ውስጥ ቀሩ። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ በግራ እጇ ጠጠር እያነሳች ትጥላለች።

«ሲበርድ ፍታውና ልየው» አለች። «ምን እንዳደረግሁት ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምንም አላደረግሽውም።»

«አባባ፣ አታባብለኝ። ትንሽ ልጅ አይደለሁም።»

አባ ጆሮ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ጉልበቱ ተንቋቋ። «ሞተሪኖው የራሱ አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«የከተማ መኪና ነው። የአስራ ሁለት ነው።» ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። «ቁጥሩን ቀባሁበት። ትክክለኛው ሲመጣ ልቀይረው... በጦሩ ጊዜ ሠርቶልኝ...» እንደዚያ መኪና፣ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ቆመ። ሊያስነሳው አልሞከረም።

ልጅቷ ጠጠር መጣሉን ተወች። ነፋሱ የወንዙን ሽታ አመጣ፤ ከዶዘሩ ወገን የሰው ሳቅ ተሰማ። ስትጮኽበት ሊሰማት ተዘጋጅቶ ነበር። ጩኸት ያውቃል፤ ከጩኸት ሥር ያለውን በሽታ ማግኘት ሥራው ነው። እሷ ግን የተናገረችው በቀስታ ነው።

«ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች። «የመጀመሪያው ቀን ጠዋት። ሲነሳ ይነክሳል። ዛሬም ሰምቼዋለሁ። ይሄ ነገር ልክ አይደለም አልኩ በልቤ። ከዚያ ደግሞ፣ የገጠመው አባባ ነው፤ አባባ ያልሰማውን እኔ ልሰማ ነው እንዴ አልኩ። ስለዚህ ጆሮዬን አላመንኩትም።»

አባ ጆሮ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ የትኛው እጇ ላይ እንደሚያሳርፈው ግራ ገባውና መለሰው።

«ሄጄ እነግረዋለሁ» ብሎ ተነሳ።

«ለማን? ለተቆጣጣሪው?» ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ደርቋል። «ምን ይልሃል መሰለህ? አባት ነው፣ ልጁን ሊሸፍን ነው ይላል። ቅድም ብትለው ኖሮ እውነት ነበር። አሁን ውለታ ነው የሚመስለው።»

«ቢሆንም እነግረዋለሁ።»

«እንደፈለግህ» አለች። «ንገረው። ለእኔ ብለህ ግን አትንገረው።»

ተቆጣጣሪው ቢሮ ከምትሆነው ድንኳን በር ላይ ቆሞ ስልክ እየደወለ ነበር። አባ ጆሮ እስኪጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ነገረው፤ ሞተሪኖውን፣ ቮልቱን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም። ምንም አላስቀረም። ሲናገር ቃላቱ አንድ በአንድ ልክ እንደሆኑ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ሰውየው ፊት ላይ ሲያርፉ ክብደት አጡ። ተቆጣጣሪው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«አባቴ፣ ይገባኛል» አለ። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እውነቴን ነው የምነግርህ።»

«አውቃለሁ። አባትነት ነው።» ትከሻውን ጫን አድርጎ ለቀቀው። ስልኩ ጮኸ፤ ጀርባውን ሰጥቶ አነሳው።

አባ ጆሮ ሲመለስ የካምፑ ፒካፕ ጡረተኛው አጠገብ ቆሞ አገኘ። ልጁን በታችኛው ድልድይ አዙሮ ወደ ከተማ ክሊኒክ ሊያደርሳት ነው። ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነበር። ገብታ ተቀምጣለች፤ የታሰረው እጇ ጭኗ ላይ እንደ እንግዳ ዕቃ ተቀምጧል። በሩን ሊዘጋላት ሲቀርብ በግራ እጇ ሳበችው። ሦስት ጊዜ ሳበችው፤ በመጨረሻ ገጠመ።

«አመነህ?» አለችው በመስኮቱ።

ራሱን ነቀነቀ።

እንዳላመነው ስታውቅ ፊቷ ላይ ድል አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን መሰለችው፤ ብዙ ነገር ሰምታ ጥቂት የምትናገረውን። «ለእማዬ አንተ እንዳትነግራት» አለች። «እኔ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለሽ?» ሊል ከንፈሩ ተላወሰ። ፒካፑ ተንቀሳቀሰ። መልሱን የማወቅ መብት ያለው አልመሰለውም።

ብቻውን ሲቀር ሞተሪኖውን ፈታው። ሥራው ከልማዱ በላይ ጊዜ ወሰደበት። አውጥቶ በጆንያ ላይ ሲያስቀምጠው ገና ይሞቅ ነበር። ከዚያ የሚሠራው ነገር አጥቶ የጋቢናው መረገጫ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወደ ማዶው ኮረብታ አዘንብላለች። የዶዘሩ ነጂ ሥራውን ጨርሶ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሊያልፍ ሲል ቆም አለ።

«ልጅዎ ናት አሉኝ» አለ።

«አዎ።»

«በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አላየሁም። እኔ ብሆን ዘልዬ ነበር የምሸሸው። ማን ነው ያስተማራት?»

«እኔ ነኝ» አለ አባ ጆሮ።

«ታድለዋል» አለው ነጂው፤ እጅ ነስቶ አለፈ።

ወንዙ ጎድሎ ነበር። ላይኛው አገር ዝናቡ ካቆመ ሰዓታት አልፈዋል፤ ጠዋት ያልታዩ ድንጋዮች አንድ በአንድ ጀርባቸውን እያወጡ ነው። ጎማው የገባበት ጉድጓድ አሁን ከዳር ሆኖ ይታያል፤ ጥልቀት የሌለው፣ ተራ ነገር። ከወዲያ ማዶ የሌላ መኪና ድምፅ ተሰማ። ተቆጣጣሪው ያገኘው መኪና ነው፤ ከጡረተኛው ያነሰ፣ ጎማው ዝቅ ያለ፣ የቀረውን ቧንቧ የጫነ። ያለ ማመንታት ውኃው ውስጥ ገባ። ውኃው የጎማውን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ነጂው ሽበታም ሰው ነበር፤ አንድ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ በቀስታ ተሻግሮ ወጣ።

ጡረተኛው አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ያየ ሾፌር እንደሚያደርገው አንዴ ጥሩንባውን ነካ አደረገና «ምን ሆኖ ነው?» በሚል ምልክት እጁን አነሳ።

አባ ጆሮ ከመረገጫው ተነሳ። እሱም እጁን አነሳ፤ ሰውየው አልፎት፣ አቧራው ሰክኖ፣ ድምፁ ከኮረብታው ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ አላወረደውም።